ቁጥራችሁን ሳታዛውሩ የድሮውን መስመር አትዝጉ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው «ርካሽ የስልክ መስመር የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስተኛው የደወለልኝ ቁጥሩን ካጠፋ በኋላ ነው፤ ከጓደኛው ስልክ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይለይለት።

ርካሹን አልቃወምም፤ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋናዎቹ ኔትወርኮች ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል ናቸው። በወር 15 እና 20 ዶላር የሚሉት ኩባንያዎች አብዛኞቹ ከነዚህ ተከራይተው ነው የሚሸጡት። ሰው በበዛበት ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚንቀራፈፈው የናንተ ኢንተርኔት ነው። እሱስ ይቻላል። የሚከብደው ችግር ሲመጣ ነው። አገር ቤት ሲም ሲበላሽ መታወቂያ ይዞ ቴሌ መሄድ አለ፣ 994 መደወል አለ። እዚህ ብዙዎቹ ርካሾች የሚኬድበት ሱቅ እንኳ የላቸውም። ያለው ቻት ነው።

ስልክ ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት *#06# ደውሉ። የሚወጣውን 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ስልኩ ይሠራ እንደሆነ እዩ። ትላልቆቹ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የድሮውን የ3ጂ ኔትወርክ ዘግተዋል፤ ስለዚህ ኢንተርኔቱ እየሠራ ጥሪ እምቢ የሚል ስልክ አለ። በዋጋው ተታላችሁ የዓመት ክፍያ በአንዴ አትክፈሉ። አንድ ወር ሞክሩት፣ በተለይ ሲግናል የሚደክምበት ቤዝመንት የምትኖሩ።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ ለሁለት መስመር ለምን እከፍላለሁ ብዬ አዲሱን ሲም በገዛሁ ዕለት የድሮውን ዘጋሁ። በማግስቱ አዲሶቹን «የድሮ ቁጥሬን ወደ እናንተ አዛውሩልኝ» ስላቸው የተዘጋ ቁጥር አይዛወርም አሉኝ። ወደ ድሮዎቹ ተመለስኩ። በቻት ከአራት ሰው ጋር አወራሁ። አራቱም ከስሜ ጀምረው እንደ አዲስ ጠየቁኝ። አንዱ 48 ሰዓት ጠብቅ አለኝ። ጠበቅኩ። ቀጣዩ ስለዚያ 48 ሰዓት የተጻፈ ነገር የለም አለኝ። ቁጥሩ ሄደ።

ቁጥር እዚህ አገር እንደ መታወቂያ ነው። ባንኩ ማረጋገጫ ኮዱን የሚልከው ወደጠፋው ቁጥር ነበር። ኢሜይሌም እንደዚያው። ሥራ ያመለከትኩበት መጋዘን ደውሎ እንዳጣኝ የሰማሁት ቦታው ከተያዘ በኋላ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ። የድሮው መስመር እየሠራ አዲሱን ሲም ግዙ። ከድሮው ኩባንያ የአካውንት ቁጥርና የማዛወሪያ ፒን (ቁጥሩን ለማዛወር የሚሰጥ የሚስጥር ቁጥር) ጠይቁ። የአካውንት ቁጥር ማለት አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ቁጥራችሁ አይደለም፤ እባካችሁ ይህን አታምታቱ። ሁለቱን ለአዲሱ ኩባንያ ብቻ ስጡ፤ ደውሎ ፒን የሚጠይቃችሁ ሰው ሌባ ነው። ዝውውሩ ሲያልቅ የድሮው በራሱ ይዘጋል።

ዕዳ አለባችሁ ብለው ቁጥሩን ሊይዙባችሁ አይችሉም። ዕዳው ይከፈላል፣ ቁጥሩ ግን ይሄዳል። የአንድ መስመር ተራ ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ማለቅ አለበት። ካጓተቱት ቻት ላይ ሳምንት አትጨቃጨቁ። ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ ለሚባለው፣ በኢንተርኔት ቅሬታ አስገቡ። ነፃ ነው። ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። «ወረቀቴን ያበላሽብኛል» ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ቅጹ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አንድም ጥያቄ የለውም።

በዘመድ ፋሚሊ ፕላን፣ ማለትም ብዙ መስመር በአንድ ሰው አካውንት በሚያዝበት፣ የገባችሁ ደግሞ ቁጥሩ በአካውንቱ ባለቤት እጅ መሆኑን እወቁ። በተለምዶ ያለ እሱ ፈቃድ አይወጣም። ሳትቀያየሙ፣ በጊዜ ወደ ስማችሁ አዙሩት። ይሉኝታ ይዟችሁ አትቆዩ።

ያን ሦስተኛውን ልጅ ነገ ጠዋት ባንክ እወስደዋለሁ። ፓስፖርቱን እንዳይረሳ ነግሬዋለሁ።