ግስ ያሳበቀበት ገዳይ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጬ ረቂቅ ሳነብ ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ታሪኩ መስጦኝ እንዳይመስላችሁ። ገጽ 3 ላይ ገዳዩን አውቄ፣ የቀረውን 210 ገጽ እንዴት እንደምገፋው እያሰብኩ ነው።

ሥራዬ አርትዖት ነው። ልብ አንጠልጣይ፣ የስለላ፣ የሚያስለቅስ የፍቅር ታሪክ፣ ሁሉም ይመጣልኛል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች የመጀመሪያ ሥራቸውን የያዙ ልጆች ናቸው። እወዳቸዋለሁ። ግን ይቺን አንዷን ስህተት ስንት ጊዜ ልታገሳት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የገዳዩን ማንነት መደበቅ ይፈልጋል። ጨለማ ነው፣ ዝናብ ነው፣ አንድ ጥላ አለ። ከዚያ «በሩን በዝግታ ከፍታ ገባች» ብሎ ይጽፋል። አለቀ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁለት ናቸው፤ አንዷ ደግሞ ሟቿ ነች። ሌላው ልጅ ይሄን ፈርቶ ገዳይዋን 200 ገጽ ሙሉ «ገባ፣ ወጣ፣ ሸሸ» ሲላት ይከርምና መጨረሻ ላይ ሴት ናት ይለናል። ይሄ ምስጢር መጠበቅ አይደለም፣ ውሸት ነው። አንባቢ ተሸወድኩ ሲል ይስቃል። ተዋሸሁ ሲል ግን መጽሐፉን ይወረውረዋል።

የሚያሳስቷቸው በእንግሊዝኛ ያነበቧቸው ታሪኮች ናቸው። እዚያ ግሱ ጾታ አይናገርም፤ በሩን የከፈተው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ወይ ከፈተ ነው፣ ወይ ከፈተች። ቋንቋችን ምስጢር አይቋጥርም።

መውጫ የለም ማለት ግን አይደለም። «ከፈትኩ» ካላችሁ የተናጋሪውን ጾታ ማንም አያውቅም፤ ገዳዩ ራሱ ይተርክላችሁ። አንቱታም አለ። «እሳቸው በሩን ከፈቱ» ጾታ የለውም። እርግጥ ዕድሜ ወይም ማዕረግ ይጠቁማል፣ ስለዚህ አንቱ የሚባሉ አምስት ስድስት ሰዎች ታሪኩ ውስጥ አስገቡ። «በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ ጠፋ» ማለትም ይቻላል። ግን ለግማሽ ገጽ ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ቤቱ ሰይጣን ያለበት ይመስላል። እኔ ከሁሉም የምወደው ለማያውቅ ሰው ማስወራትን ነው። ዘበኛው «አንድ ሰው ሲገባ አይቻለሁ» ይበል። ቢሳሳት መብቱ ነው። ተራኪው ግን ይሄ መብት የለውም።

ደግሞስ ቋንቋው የሚያሳብቅ ከሆነ ለምን ለእናንተ አያሳብቅላችሁም? ተጠርጣሪዋ ስለ ሥራ አስኪያጁ ስትጠየቅ «አላውቃቸውም» ስትል ትቆያለች። ሰውየው ፊቷ ቀርቦ ሲያናድዳት «አንተ!» ትለዋለች። ከዚህ በኋላ መርማሪው የጣት አሻራ ምን ያደርግለታል?

ቀጥሎ ሰዓት። ይሄን የሠራሁት እኔው ነኝ። በወጣትነቴ አንድ የውጭ የወንጀል ታሪክ ስተረጉም፣ ከተማው ጭር ባለበት «ከሌሊቱ 2 ሰዓት» ላይ ምስክሯ ገዳዩን አየችው ብዬ ጻፍኩ። 8 ሰዓት ማለት ነበረብኝ። የምትተይብልኝ ልጅ፣ «አንተ፣ በሁለት ሰዓት እኮ እኔ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ። ጳጉሜንም 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። ጳጉሜን 9 ሰው አትግደሉብኝ።

የመርማሪው ነገር ደግሞ አለ። ካፖርት ለብሶ፣ ፓይፕ ይዞ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ በጠራራ ፀሐይ ብቻውን ያስባል። የኔ ወንድም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን የሚያስብ ሰው የት አይተሃል? መሀል ከተማ ውስጥ ያለ ምስክር የሚሠራ ወንጀል የለም። ሊስትሮው ጫማህን አይቶ የት ጭቃ ውስጥ እንደዋልክ ይነግርሃል። የፓርኪንጉ ልጅ የታርጋ ቁጥርህንና የቆምክበትን ሰዓት ጽፎ መስታወትህ ላይ ሰክቶልሃል። ባለሱቁ ማን ሌሊት መጥቶ ሻማ እንደገዛ ያውቃል። ጀብሎው ሁለቴ ስታልፍ አይቶሃል። ከባዱ ነገር ማየታቸው አይደለም፣ ለፖሊስ እንዲናገሩ ማድረጉ ነው። እውነተኛው ልብ አንጠልጣይ እዚህ ላይ ይጀምራል። ልጆቹ ግን ይሄን ሁሉ ዘለው ላቦራቶሪ ይገባሉ። አንዱ ደግሞ በ2017 የሚሆን ታሪክ ጽፎ ተፈላጊውን ዶሮ ማነቂያ ደብቆታል። በ2016 የፈረሰ ሰፈር ውስጥ!

መንትያ ወንድም መጨረሻ ላይ አታምጡ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ለመርማሪ ታሪክ አሥር ሕግ አውጥቶ ነበር። አንባቢው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ መንትያ አይገባም አለ። መርማሪውን አጋጣሚ አይርዳው፣ ወንጀለኛው ከጅምሩ ታሪኩ ውስጥ ይኑርም ብሏል። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፣ እኔ ጋ መንትያው አሁንም ይመጣል።

የሚያስለቅሱት ታሪኮች ችግር ሌላ ነው። አንዲት ልጅ ባመጣችው ረቂቅ ውስጥ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ 31 ጊዜ ታለቅሳለች። ቆጥሬዋለሁ። እንባዋ ጎርፍ ነው፣ ዶፍ ነው፣ ዓባይ ነው። እኔ ዓይኔ ደረቅ። በኋላ ግን ጸሐፊዋ ችላ ብላ ያለፈቻት አንዲት ገጽ ላይ ደረስኩ። እናትየዋ ከተቀበረች በሦስተኛው ሳምንት ዕቁቧ ይወጣል። ዳኛው ብሩን በፖስታ ይዘው ይመጣሉ። ልጅቷ ትቆጥረዋለች። የጎደለ መስሏት ደግማ ትቆጥረዋለች። አልጎደለም። በቃ፣ ይሄው ነው። እዚያች ገጽ ላይ ማንም አላለቀሰም። እኔ ታክሲ ውስጥ እያነበብኩ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። 31ዱንም እንባ ሰርዛ ይቺን እንድታሰፋት ነገርኳት። ተቀይማኛለች።

መጨረሻውን መደበቅ ሁሉ ነገር የሚመስላቸውም አሉ። አንዱማ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆርጦ አስቀርቶ ነው ረቂቁን የሰጠኝ። «እንዳይሰረቅ ነው፣ ጋሼ።» ለአርታዒህ ካልሰጠህ ለማን ልትሰጥ ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፈው አይደል እንዴ ያወጡት? ፍቅር እስከ መቃብር። እንደሚቀበሩ ከርዕሱ እያወቅን፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ምነው ባልሞቱ እያልን ሰማነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። ረቂቁን ሲሰጡኝ «ያው ተራ ልብ አንጠልጣይ ነው» ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከዚያ እፍረታቸውን ለመሸፈን ምዕራፍ ሰባት ላይ መርማሪውን ስለ ሕይወት ትርጉም ያስለፈልፉታል። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው የፍልስፍና መጽሐፍ አልነበረም። የማርጋሬት ሚሼልን ወፍራም የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ ነው፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመውን። ለዚያ ቦታ የሚበቃ ታሪክ ለእኛ ካፌ ያንሳል?

የገጽ 3ቱ ልጅ ትናንት አስተካክሎ መጣ። የነገርኩትን ሰምቷል፤ ከሚገባው በላይ ሰምቷል። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አንቱ ብሎታል፣ ሊስትሮውን ሳይቀር። «እሳቸው ብሩሻቸውን አነሱ» ይላል። እሱን እኔ አስተካክላለሁ። ገጽ 60 ደርሻለሁ፣ ማን እንደገደለ ግን ገና አላወቅኩም።