ገበያ ለራቀው ሰው፦ አትክልት ሳምንቱን ሙሉ

ሰፈራችን ውስጥ ብስኩትና ለስላሳ በየሱቁ ሞልቷል። ትኩስ አትክልት ግን እምብዛም ነው። ቢገኝም ፀሐይ ላይ ሲንገላታ የዋለ ቲማቲምና የበቀለ ሽንኩርት ነው። ደህናውን ለማግኘት ትራንስፖርት መያዝ ስላለብኝ በሳምንት አንዴ ነው የምገዛው። ፍሪጅ የለኝም። የማበስለውም በአንድ ምድጃ ነው። እንዲህም ሆኖ ቤታችን አትክልት ሳይበላ የሚያልፍ ቀን የለም። ዘዴው ያለው ተራው ላይ ነው፤ ቶሎ የሚበላሸው ቶሎ ይበላል፣ ጠንካራው ይጠብቃል።

ስለዚህ ገና ስትገዙ ሳምንቱን አስቡት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቅጠል ይሁን፤ ቆስጣ፣ ጎመን። ለአጋማሹ ቲማቲም፣ ዝኩኒ፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ። ለመጨረሻው ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ጥቅል ጎመን። ዱባ ሳይቆረጥ ከተቀመጠ ወራት ስለሚቆይ እሱ መጠባበቂያ ነው። ቲማቲም ስትመርጡ ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ጠጠር ያለ ይሁን፤ በየተራ ይደርስላችኋል። ገንዘብ ካጠረ ሰላጣውን ተዉት። አብዛኛው ውሃ ነው፣ ሳትደርሱበትም ይጠወልጋል።

ስንት ይበቃል ለምትሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ድንች እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ድንች ለምወድ ለእኔ ይሄ ጥሩ ዜና አልነበረም።

እቤት እንደገባችሁ ፌስታሉን ፍቱ። ታፍኖ ያደረ ቅጠል ጠዋት ይሸታል። የካሮቱንና የቀይ ስሩን ቅጠል ቁረጡ፤ ካልተቆረጠ የስሩን እርጥበት እየመጠጠ ያልፈሰፍሰዋል። የቀይ ስር ቅጠል ግን እንደ ቆስጣ ስለሚበስል እንዳትጥሉት። ሽንኩርትና ድንች ይለያዩ። ድንች ጨለማ ይወዳል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ ከሆነ ሶላኒን የሚባለው መርዝ መጨመሩን ይጠቁማል፤ ያንን ክፍል በደንብ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ከበዛም ድንቹን ሙሉውን። ቅጠል ደግሞ ከበሰለ ቲማቲምና ከሙዝ አጠገብ አይቀመጥ። እነሱ የሚያወጡት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ቶሎ ቢጫ ያደርገዋል።

ለማቀዝቀዝ ሁለት ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ይበቃል። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስገቡ፣ መሃላቸውን በአሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ውሃ አጠጡት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ውሃው ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለገጠር ቤተሰቦች ያዳረሰው ዘዴ ነው። የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። አገሩ እርጥበታማ ከሆነ አትድከሙ።

ለእንደኛ ዓይነት ሰፈር ከሁሉም ጥቅል ጎመንን የሚያክል የለም። ለሁለት አትሰንጥቁት። ከውጭ በኩል ቅጠል በቅጠል እየገነጠላችሁ ተጠቀሙ፣ ውስጡ እንደታሸገ ይቆያል። ለማብሰል በቀጭኑ ክተፉት። መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከዚያ ጎመኑ፣ ጨው። ውሃ አይገባበትም። አምስት ደቂቃ ገደማ አገላብጡትና ገና ኮሽ እያለ አውርዱት። ጎመን አልወድም የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጠላው ሽታውን ነው። ሽታው ደግሞ የሚጠነክረው ብዙ ሲበስል ነው፤ ውስጡ ያሉት የሰልፈር ውህዶች የሚወጡት ያኔ ነው። ልጆቼ በዚህ መንገድ ሲሠራ ይሻሙበታል።

ምድጃው አንድ ከሆነ ድስቱም አንድ ይሁን፣ ግን ሁሉን አንዴ አትዘርግፉ። ካሮትና ድንች ይቅደሙ። ፎሶሊያና ዝኩኒ ይከተሉ። ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጨምራችሁ እሳቱን አጥፉ፣ ክደኑት፣ በራሱ ሙቀት ይደርሳል። ቲማቲምና ሎሚ ድንቹ ሳይለሰልስ አይግቡ፤ አሲድ ካገኘው ድንቹ እንደ ጠጠረ ይቀራል። ውሃ ጥቂት ብቻ። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይቀንሳል፣ ውሃ ውስጥም ይሟሟል፤ ውሃውን መድፋት እሱን መድፋት ነው። ዘይት ደግሞ አትፍሩ። ካሮትና ዱባ ውስጥ ያለውን፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ንጥረ ነገር ለመጠቀም ጥቂት ቅባት ያስፈልጋል። ቅጠል ላይ ሎሚ ጠብ ካደረጋችሁ ብረቱን ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል። ሻይ ግን ይህንኑ ብረት ስለሚያግድ ከምግቡ ራቅ ብሎ ይጠጣ።

ጥሬ መብላት ያማራችሁ እንደሆነ ውሃችሁን እወቁት። ካላስተማመነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እጠቡ፣ ወይም የሚላጠውን ብቻ ጥሬ ብሉ፣ ቅጠሉ ይብሰል። በሳሙና አትክልት አይታጠብም።

ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀውና የሚበላሸው ቅጠል ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ማብቀል የሚያዋጣውም እሱን ነው። ቲማቲም ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ቆስጣ ግን በቀን ጥቂት ሰዓት ካገኘ ይበቃዋል። የተሰነጠቀ ባልዲ ወይም ጆንያ ውሃ እንዲያሾልክ ከታች ብሱት፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ሙሉበት። የመንገድ ዳር አፈር አትጠቀሙ፤ ከመኪና ጭስና ከአሮጌ ቀለም የተጠራቀመ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ሲያድግ የዳር የዳሩን ቅጠል ብቻ ቁረጡ፣ የመሃሉን ቡቃያ አትንኩት። እየተቆረጠ ለወራት ይሰጣችኋል።