የሽብር ጥቃት ካሳ ሲጠየቅ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

አውሮፕላን ላይ ፈንጂ ያጠመደው ሌላ፣ ካሳ የሚጠየቀው አየር መንገዱ። ግራ ያጋባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ጥፋቱ የአሸባሪው ነው፤ አየር መንገዱን ምን አገባው?» ማለት ዋናው ስህተት ነው። ዓለም አቀፍ በረራን በሚገዛው በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት፣ መንገደኛ ሲሞት ወይም አካሉ ሲጎዳ አየር መንገዱ እስከ 151,880 ልዩ የመሳቢያ መብት ድረስ «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ አያመልጥም። ልዩ የመሳቢያ መብት በዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚሰላ መለኪያ ነው። ጠለፋንም ሆነ ፈንጂን ፍርድ ቤቶች እንደ «አደጋ» ያዩታል።

ቁጥሩን እንደ ቁርጥ ዋጋ ማየትም አያዋጣም። ጉዳትህን በማስረጃ ታሳያለህ፤ ከዚያ በታች ልታገኝ ትችላለህ፣ በላይም እንዲሁ። ከዚህ ቁጥር በላይ ለሆነው ግን አየር መንገዱ ቸልተኛ እንዳልነበረ፣ ወይም ጥፋቱ የሌላ ሰው ብቻ መሆኑን ካስረዳ ነፃ ይወጣል። የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው። ስለዚህ የሻንጣ ፍተሻው እንዴት እንደነበር አጥብቆ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው፤ እኔን ሁሌም የሚገርመኝም እሱ ነው። ከሞንትሪያል በፊት በነበረው የዋርሶ ስምምነት፣ በ1973 አቴንስ አየር ማረፊያ ለፍተሻ ተሰልፈው የተጠቁ መንገደኞችን የአሜሪካ ፍርድ ቤት «በመሳፈር ላይ ነበሩ» ብሎ ካሳ ፈቀደላቸው። በ1972 በእስራኤሉ ሎድ አየር ማረፊያ ሻንጣ እየጠበቁ የተጠቁት ግን «ወርደው ጨርሰዋል» ተባሉ። ሁለቱም ያሉት ተርሚናል ውስጥ ነው! እና «አየር ማረፊያ ውስጥ ነበርኩ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የት ቆመህ ነበር? ምን እያደረግክ? መሬት ላይ ያለ፣ መንገደኛ ያልሆነ ሰውን ደግሞ ይህ ስምምነት ጭራሽ አይመለከተውም።

የአእምሮ ጉዳት ብቻ ከሆነ የሚከሰስበትን አገር በጥንቃቄ ምረጡ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2022 ከባድ ከሆነ ካሳ ያስገኛል ብሏል፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ጠበቅ ያደርጉታል።

ከሁሉም የከፋው ግን «መጀመሪያ አሸባሪው ይፈረድበት» ብሎ መጠበቅ ነው። አየር መንገዱን የመክሰሻው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ነው፤ የሚቆጠረውም አውሮፕላኑ ከደረሰበት ወይም መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። 270 ሰው ያለቀበት፣ በስኮትላንዷ ሎከርቢ ከተማ ላይ የተከሰተው የአውሮፕላን ፍንዳታ የደረሰው በ1988 ነው። በወንጀሉ የመጀመሪያው ሰው ጥፋተኛ የተባለው በ2001።