ጣና ዳር ጭቃ ላይ የሚራመዱ ወፎችን ለማንሳት

ካሜራ ይዞ ወፍ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። በክረምት የሞላው ጣና ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ጭቃው ይገለጣል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የመጡት ወፎችም እዚያው ትል ይለቅማሉ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሰው ከበዛባችሁ ወደ ፎገራ ውጡ፤ ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች እዚያ ናቸው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታችሁን ያዙ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ዋናው ነገር ግን ከፍታው ነው፤ ቆማችሁ ካነሳችሁ ወፏ ጭቃ ላይ የተለጠፈች ትመስላለች፣ ስለዚህ ማዳበሪያ አንጥፋችሁ በደረታችሁ ተኙና ሌንሱን ከዓይኗ ጋር አስተካክሉ። ልብስ ይታጠባል። ሸተር ስፒዱ (የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) ከ1/1000 ሰከንድ ባይዘገይ ጥሩ ነው።

ያቺን ክንፏ ጥቁር፣ እግሯ ረጅምና ቀይ የሆነችውን ወፍ ካገኛችሁ አትቸኩሉ። እግሯን ከውሃ ስታወጣ ጠብታው ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ መርፌ የመሰለ መንቁሯን ትሰዳለች፤ ያኔ ተጫኑ። መልቀሟን ትታ አንገቷን ቀጥ ካደረገች ግን በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ባላችሁበት ቆዩ። ለፎቶ ብላችሁ ወፎቹን አታስነሱ፤ ብዙዎቹ ለመልሱ ጉዞ የሚሆናቸውን ስብ የሚያከማቹት እዚህ ነው።