ዝግመተ ለውጥን ስንማር የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ከመንዝ በግ እስከ ስንዴ ዋግ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ወረቀት ሳርም የማገኛቸው ስህተቶች ከዓመት ዓመት ያው ናቸው። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። አብዛኞቹ በግ እየጠበቁ፣ ገብስ እያጨዱ ያደጉ ናቸውና ማስረጃው እጃቸው ላይ ነው። የሚሰናከሉት እሱን ትተው የደብተር ሐረግ ሲሸመድዱ ነው።

«የመንዝ በግ ብርዱን ለመቋቋም ፀጉር አበቀለ»

ይህን መልስ ሳይ እውነትም እበሳጫለሁ፤ ሌሎቹ ስህተቶች የሚፈለፈሉት ከዚህ ነውና። በጉ ብርዱን አይቶ የሚያስፈልገውን ከራሱ ያወጣ ይመስላቸዋል። በአንድ ወቅት የተወለዱ ግልገሎችን ደርድራችሁ እዩ። አንዱ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሌላው ሳሳ ያለ። ልዩነቱን ከእናትና ካባታቸው ወርሰው ነው የመጡት፤ ብርዱ ገና አልነካቸውም። የኅዳር ውርጭ ሲወርድ ግን ከሳሳዎቹ ብዙ ይሞታሉ፣ ከጥቅጥቆቹ ብዙ ይተርፋሉ፤ የተረፉት ይወልዳሉ። ዝተትና በርኖስ የሚፈልገው ባለቤትም ፀጉራሙን መርጦ ያስቀራል። አንድም በግ በዕድሜው አልተለወጠም። የተለወጠው መንጋው ነው፣ ያውም ከትውልድ ወደ ትውልድ።

ከዚሁ ጋር የሚመጣው፣ በኑሮ የተገኘ ነገር ለልጅ ይተላለፋል የሚለው ሐሳብ ነው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1809 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ አስቦ ነበር። ፍጥረታት ይለወጣሉ ብሎ በግልጽ መናገሩ ለዘመኑ ትልቅ ድፍረት ነውና ላማርክን አላቃልልም። ግን ገበሬ የበጉን ጆሮ ለምልክት ሲሰነጥቅ ስንት ዘመን ሆነው? ግልገሉ ዛሬም ሙሉ ጆሮ ይዞ ይወለዳል።

አንድ ቀን ይህን ሳስረዳ ከመንዝ የመጣ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛ ቤት ፈጥኖ የሚፋፋው ጠቦት ወይ ለፋሲካ ይሸጣል ወይ ይኮላሻል። ከሴቶቹ ጋር የሚቀረው ኮሳሳው ነው። በጎቻችን እየቀጨጩ የመጡት በዚህ ነው?» አለኝ። አዎ፣ በዚህ ነው! ማንም ሳያስበው ለኮሳሳነት እየተመረጠ ነው። በመንዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ገደማ ጀምሮ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የሚሠሩት ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያም ይህንኑ ለመቀልበስ ነው፤ ጥሩው ጠቦት ሳይሸጥ ተመርጦ ይቀራል፣ አውራነቱም ለብዙ ቤት ይሆናል። ዳርዊንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣውን መጽሐፉን የጀመረው ከእርባታ ነው፤ እርግብ አርቢዎች የፈለጉትን ላባና ምንቃር እንዴት መርጠው እንዳወጡ በመተረክ።

«ሰው ከጭላዳ መጣ»

ጓሳና ጣርማበር ላይ ጭላዳ እያየን ስለምናድግ ይህ ስህተት እኛ ዘንድ ይበረታል። ርስት ለመጠየቅ አባት ይቆጥሩ የነበሩት የመንዝ ሽማግሌዎች ነገሩን ቶሎ ይይዙት ነበር፦ ሁለት ሰዎች ከአንድ ዋና አባት ይወለዳሉ እንጂ አንዱ የሌላው አባት አይደለም። የእኛና የጭላዳ የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከቺምፓንዚ ጋር የተለያየነው ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ በ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ፣ ያለችው ከዚህ መለያየት በኋላ በእኛው በኩል ነው።

ጭላዳን በጅምር የቀረ ሰው አድርጎ ማየትም ያው ስህተት ነው። ጭላዳ የራሱን መንገድ የሄደ እንስሳ ነው። እንደ እሱ ሣር እየነጨ የሚኖር ሌላ ዝንጀሮ ዛሬ የለም። ከእሱ የሚበልጡ ግዙፍ ዘመዶቹ ጠፍተው ከወገኑ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ያለውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ።

«ጠንካራው ይተርፋል» ለሚሉኝ የደጋውን ተክል ጅብራን አሳያቸዋለሁ፦ አንዴ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የሚቆጠረው የተተካው ዘር ነው።

ታሪኩን በተመለከተ፣ «ዳርዊን ጂንን አገኘ» ብላችሁ አትጻፉ። ዳርዊን ባሕርይ እንዴት እንደሚወረስ በትክክል አላወቀም። የውርስን ሕግ ያሳየው የሜንዴል የአተር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1866 ታትሞ እስከ 1900 ድረስ ልብ ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። ተመሳሳዩን ሐሳብ ለብቻው ያገኘውን ዋላስንም አትርሱ፤ በ1858 የእሱና የዳርዊን ጽሑፎች ለንደን ላይ አብረው ነው የተነበቡት።

«ይህን ከተማርኩ እምነቴን ልተው ነው?» የሚል ልጅም አይጠፋም። እባካችሁ መምህራን፣ ክፍሉን ወደ ሃይማኖት ክርክር አትለውጡት። ትምህርቱ የሚጠይቀው አጥንቱ፣ እርባታውና ዘረመሉ ምን እንደሚያሳዩ ነው። ልጁን ማስጨነቅ ምንም አያስተምርም።

«ዝግመተ ለውጥ የጥንት ነገር ነው፣ ማንም አያየውም»

ስንዴ የሚዘራ ቤተሰብ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ በብዙ ቦታ አወደመው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2013 ደግሞ ባሌና አርሲ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጥቶ ዲገሉን መታው። «ዘሩ አረጀ» ይባላል፤ ዘሩ ግን ያው ነው። የተለወጠው ዋጉ ነው። ዋግ ስፍር ቁጥር የሌለው ብናኝ ይበትናል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል በዘረመል ለውጥ የስንዴውን መከላከያ የሚያልፍ አንድ ከተገኘ፣ አገሩ በሙሉ አንድ ዝርያ ዘርቶ ሲጠብቀው ተቀናቃኝ የለውም። ተማሪዎቼ ይህን ለቤተሰቦቻቸው እንዲነግሩ እፈልጋለሁ፦ ጎረቤት ሁሉ የዘራውን አንድ ዝርያ ብቻ አትዝሩ፤ በየዓመቱም ዝናቡ ሳይገባ የትኛው ዝርያ በዋግ እንደተመታ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።