ደሞዙ ወር ሳይሞላው ሲያልቅ ከዱቤ ደብተሩ ጀምሩ

ሰላም ወገኖቼ፣ እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 አለፈ፣ እኛ ጋ ደሞ በዘይቱ በሳሙናው በዱቄቱ መጣ፣ ደሞዜ እኩል አልተከተለውም። ያንን እኔ አልቀይረውም፤ በእጄ ያለውን እንዴት እንደያዝኩት ግን ልንገራችሁ፣ ለአንድ ቤት እንኳ ከጠቀመ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዱቤ። ሦስት ወር ሙሉ ከሰፈር ሱቅ እየወሰድኩ ስንት እንደደረሰብኝ አልጠየቅኩም፣ ፈርቼ ነው፣ እንዳውም በሱቁ በር ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ዞሬ ነበር ቤቴ የምገባው። አንድ ቀን ጨክኜ ሄድኩና "ጋሼ ስንት ደረሰብኝ?" አልኳቸው፣ "እኔ እኮ ታመሽ መስሎኝ ነበር፣ አብሽሪ ቀስ እያልሽ" አሉኝ። እኔ የምደበቃቸው እሳቸው የሚጨነቁልኝ! በጣም ነው ያፈርኩት።

ስለዚህ ባለሱቁ ሳይጠይቃችሁ እናንተ ቅደሙ። ጠዋት ሱቁ ሰው ሳይበዛበት ሂዱ፣ የራሳችሁን ደብተር ያዙ፣ ከሱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፣ ከዛ በየወሩ ደሞዝ በገባ ቀን የምትከፍሉትን ቁረጡ። የምትችሉትን ብቻ ተናገሩ፣ 1000 ብላችሁ 300 ከምትሰጡ 400 ብላችሁ 400 ስጡ። አሮጌው እስኪያልቅ አዲሱን በካሽ ግዙ፣ ካልሆነ ደሞ ዱቤው ለዘይት፣ ለዱቄትና ለሳሙና ብቻ ይሁን፣ ብስኩትና ለስላሳ በዱቤ አይወሰድም። ሰውየው እኮ የሸጠውን ዕቃ የሚተካው በአዲሱ ዋጋ ነው፣ የኛ ብር በቆየ ቁጥር ያው ብር አንድ ካርቶን ይገዛለት የነበረው ግማሽ ይሆንበታል። ቴሌብር ላይ ያለን ብር ሲያንስ የጎደለውን የሚሞላልን እንደኪሴም ብድር ነው፣ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ እሱንም እዛው ደብተር ላይ ጻፉት።

እህል ላይ፣ ከቻላችሁ ታህሳስና ጥር ላይ አዲሱ ምርት ሲገባ ግዙ፣ ክረምት ላይ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ኩንታል ለብቻ ካልተቻለ ሦስት ጎረቤት ሆኖ መከፋፈል ነው። እኔ ሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ማሽላ አስፈጫለሁ፣ ማሽላ ከባቲና ከከሚሴ በኩል ስለሚመጣ እኛ ጋ አይጠፋም፣ ግን እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ጋግሩ።

ከእቁብ አትውጡ። ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ግን መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው የሚቀበለው ያንኑ ብር ነው፣ የሚገዛው ግን ያነሰ ነው፣ ስለዚህ የምር ችግር ካለባችሁ ቀደም ያለ እጣ እንዲሰጣችሁ ዳኛውን አስፈቅዱ፣ የሚለቅ ሰው አይጠፋም። ከወሰዳችሁ በኋላ መክፈል ማቆም ግን የሌላውን ቤት ማፍረስ ነው፣ እዚ ላይ ቀልድ የለም።

ቅሬም፣ ማለት እድሩ፣ እንደዛው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ሆኖ የሚቀብርበት ቅሬ የወሎ ሰው ትልቁ መያዣው ነው፣ ብር አጠረኝ ብሎ መቅረት ሞት ሲመጣ ብቻን መቅረት ነው። መዋጮው ካቃታችሁ ለሽማግሌዎቹ በጊዜ ንገሩ፣ እስክትከፍሉ ድንኳን መትከልም ውሃ መቅዳትም ይቻላል፣ እኔ ሁለት ወር እንደዛ አድርጌያለሁ ማንም ክፉ አልተናገረኝም።

የመጨረሻው፣ የምትሰሩበትን ዕቃ አትሽጡ። የልብስ ስፌት መኪና፣ ምጣድ፣ የሊስትሮ ሳጥን እንኳ ቢሆን። ቴሌቪዥኑ ይሸጥ፣ ቁም ሳጥኑ ይሸጥ። እናቴ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ጎረቤታቸው በሬዎቹን ሸጦ ዝናቡ ሲመጣ የሚያርስበት አጥቶ ቆሞ እንዳየችው እስካሁን ትነግረኛለች።