የቻይናን ወረቀት ቆረጣ ለእንግሊዝኛ ትምህርት እንዴት እንጠቀምበት?

አስተማሪ «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ግን አይታወቅም። ወረቀት ሲታጠፍ ይታወቃል። «ፎልድ ዘ ፔፐር ፍሮም ኮርነር ቱ ኮርነር» ሲባል በደንብ የሰማ ልጅ እጁ ላይ ሦስት ማዕዘን ይይዛል። ጎንን ከጎን ያጋጠመው ደግሞ ሌላ ቅርጽ ይወጣለታል። ማንም ሳይቆጣው የጎረቤቱን አይቶ ያስተካክላል።

ቻይናውያን ወረቀት የመቁረጥን ጥበብ ጂየንዢ ይሉታል። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በዢንጂያንግ ክልል፣ ቱርፋን አካባቢ በ1959 እ.ኤ.አ. በቁፋሮ የተገኙት ክብ የወረቀት ቅርጾች ከ1,400 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። በሰሜን ቻይና መንደሮች መስኮት በመስታወት ፋንታ በወረቀት ይሸፈን ነበር። አዲስ ዓመት ሲመጣ ወረቀቱ ይቀየርና በላዩ ቀይ ቁርጦች ይለጠፋሉ። «የመስኮት አበባ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዩኔስኮም በ2009 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስፍሮታል።

ቁርጦቹ ዝም ብለው ጌጥ አይደሉም። ዓሣ ለተትረፈረፈ ዓመት ነው። ሮማን ለብዙ ልጆች፣ ኮክ ለረጅም ዕድሜ። በሠርግ ቤት ደግሞ የእጥፍ ደስታ ምልክት በር ላይ ይለጠፋል። ይህን ለተማሪዎቹ ንገሯቸው፤ ትምህርቱ የሚያልቀው በምኞት ስለሆነ ኋላ ይጠቅማል።

ዝግጅት

ለሁለት ተማሪ አንድ መቀስ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ወረቀት በቂ ነው። ወረቀቱ አራቱም ጎኑ እኩል ይሁን፤ 15 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ልክ ነው። ቀጭን ቀይ ወረቀት ከተገኘ ደስ ይላል፤ ካልተገኘ የደብተር ወረቀት ይሠራል። ወፍራም ካርቶን ግን አይሆንም፤ መጨረሻ ላይ 8 ድርብ ስለሚሆን የልጅ እጅ አይቆርጠውም። መቀሱ ጫፉ ደብዛዛ ቢሆን ይመረጣል።

መቀስ ለሁለት መሆኑ አያሳስባችሁ። እንዲያውም ጥሩ ነው፤ መጠየቅ የግድ ይሆናል። «ካን አይ ሃቭ ዘ ሲዘርስ፣ ፕሊስ?» «ሂር ዩ አር።» መቀሱን ሲያቀብሉ መያዣው ወደ ተቀባዩ ይዙር።

መጀመሪያ ቃላቱ

መቀስ ከመታደሉ በፊት ቃላቱን አለማምዱ። ፎልድ፣ ከት፣ ሆልድ፣ ኦፕን። ከዚያ ስኩዌር፣ ትራያንግል፣ ሰርክል። ከዚያ ኮርነር፣ ኤጅ፣ ሚድል። ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ አያስፈልግም። «ተች ዘ ሚድል» በሉና ሁሉም የወረቀቱን መሃል ይንካ። ትንሽ ፈጠን እያላችሁ ደጋግሙት።

ማጠፍ

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። እጃችሁን አታሳዩ። አስተማሪው እያጠፈ ካሳየ ልጆቹ እጁን እያዩ ይከተላሉ፤ እንግሊዝኛው ከጀርባ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ያኔ ክፍለ ጊዜው የእጅ ሥራ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ካልገባቸው በሌላ አባባል ድገሙት። ማሳየት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

«ፈርስት» ብላችሁ ጀምሩ። የወረቀቱ መሃል ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ አጥፈው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። «ኔክስት» ስትሉ ሁለቱን ሹል ጫፎች አገናኝተው እንደገና ያጥፉ። «ዘን» ስትሉ ያንኑ ለሦስተኛ ጊዜ። አሁን ነጥቡ ያለበት ጫፍ በእጃቸው ይያዝ፤ «ሆልድ ዘ ሚድል» ማለት ይህ ነው። ከነጥቡ የሚነሱት ሁለቱ ጠርዞች የታጠፉ ናቸው። ሦስተኛው፣ ከነጥቡ ፊት ለፊት ያለው፣ ተለያይቶ የሚከፈት ጠርዝ ነው።

መቁረጥና መገመት

በአንደኛው የታጠፈ ጠርዝ ላይ ግማሽ ክብ፣ በሌላኛው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ያስቆርጡ። ከነጥቡ ጫፍ ላይም ትንሽ ይቁረጡ። የሚከፈተውን ጠርዝ ጎበጥ አድርገው ከቆረጡት አበባው ክብ ይሆናል። ከእነዚህ ከጫፉና ከሚከፈተው ጠርዝ ቁርጦች በቀር መቀሱ ከአንዱ የታጠፈ ጠርዝ ተነስቶ እስከ ሌላው እንዳይሻገር አስጠንቅቁ፤ መሃል ላይ ከተሻገረ ወረቀቱ ለሁለት ይለያያል። «ስቶፕ!» የሚለው ቃል እዚህ እውነተኛ ሥራ ያገኛል።

ቆርጠው ሲጨርሱ ማንም እንዳይከፍት። ከትምህርቱ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ሰዓት ነው። ልጆቹ ለመክፈት ይቁነጠነጣሉ፤ እናንተ ግን ጠይቁ፦ «ሃው ሜኒ ሰርክልስ ዊል ዜር ቢ?» ወረቀቱ 8 ድርብ ስለሆነ ብዙዎቹ «ኤይት» ይላሉ። ግምታቸውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፦ «አይ ቲንክ ዜር ዊል ቢ ኤይት።» ከዚያ «ኦፕን!» በሉ። ክቦቹ 4 ናቸው፤ አንዱን ሙሉ ክብ ለመሥራት ሁለት ድርብ ያስፈልጋልና። አሁን «ዊል ቢ» ወደ «አር» ተለወጠ፦ «ዜር አር ፎር ሰርክልስ።» የወደፊትና የአሁን ጊዜ ልዩነት በሰሌዳ ብዙ ከሚለፋበት ይልቅ እዚህ ቶሎ ይገባል። የሦስት ማዕዘኑም ቁርጥ እንዲሁ 4 የአልማዝ ቅርጽ ይሆናል፤ ይህንንም አስገምቱ።

ምኞቱ

ቁርጡ ለአንድ ሰው ይሰጥ። ለእናት፣ ለአያት፣ ለጓደኛ። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት፦ «አይ ዊሽ ዩ ኤ ሎንግ ላይፍ።» «አይ ዊሽ ዩ ኤ ሃፒ ኒው ይር።» ሰዋስው አታብዙበት። መስኮት ላይ ለጥፋችሁ እንዲነበብ ካደረጋችሁ በኋላ ወደ ቤት ይውሰዱት።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ትእዛዙን ለተማሪዎቹ ልቀቁላቸው። ጥንዶቹ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡ። አንዱ የራሱን አዲስ ቁርጥ እየሠራ እርምጃውን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሌላው ሳያይ ይከተላል። ሲጨርሱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው የት ላይ እንደተለያዩ ይፈልጉ።